አይሁዳዊ ስፖርተኞችና ማንነታቸው፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ነገሩ የጀመረው በ2023 የቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና ነው። እሑድ ጠዋት የወንዶች ማራቶን ነበር። ቡናው ተፈልቶ፣ ቤተሰቡ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስቦ። ኡጋንዳዊው ቪክቶር ኪፕላንጋት ወርቁን ወሰደ። ሁላችንም ሁለተኛው የኛው ልዑል ገብረሥላሴ ይሆናል ብለን ስንጠብቅ የእስራኤልን ማልያ የለበሰ ሯጭ በሰባት ሰከንድ ቀድሞት ገባ። ስክሪኑ ላይ ስሙ ወጣ፦ ማሩ ተፈሪ። ቤቱ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ ጥያቄው ጎረፈ፣ እኔም የማውቀውን ስመልስ ዋልኩ። ስለዚያ ቀን ከጻፍኩ በኋላ ደግሞ የእናንተ ጥያቄ ተጨመረ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ማሩ ተፈሪ የኛ ልጅ አይደለም እንዴ? እንዴት ለእስራኤል ይሮጣል?

የተወለደው ኢትዮጵያ ነው። ከቤተ እስራኤል፣ ማለትም ከኢትዮጵያውያን አይሁዶች ወገን ነው። ለእስራኤል የሚሮጠው ዜጋዋ ስለሆነ ነው። አገር ቀይሮ ለገንዘብ እንደሚሮጥ አትሌት አድርገው የሚያዩት አሉ፣ ይሄ ስህተት ነው፣ ማሩ የሄደው ወገኖቹ ሁሉ በሄዱበት መንገድ ነው።

ቤተ እስራኤሎች በጎንደር፣ በስሜን፣ በወገራ፣ በደምቢያና በትግራይ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። ኦሪትን በግዕዝ ያነባሉ፣ ሰንበትን አጥብቀው ይጠብቃሉ፣ የሃይማኖት መሪያቸውን ቄስ ይሉታል። ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸማ ሠርተው፣ ሸክላ ሠርተው የአካባቢውን ሰው ሲያገለግሉ ኖረው በምላሹ «ቡዳ» ተብለው ይሰደቡ ነበር። «ፈላሻ» የሚለውም ቃል እነሱ የማይወዱት ነው፣ እባካችሁ ተዉት። በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፣ ብዙዎቹም በእግራቸው ተጉዘው፣ በዘመቻ ሙሴ ወደ እስራኤል ገቡ። በመንገድና በስደተኛ ካምፕ የሞተባቸው ሰው ብዙ ነው። በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰለሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ከዚያም በኋላ የሄዱ አሉ።

ስለዚህ ቡዳፔስት ላይ ብሩም ነሐሱም ኢትዮጵያ ከተወለደ ሰው እጅ አልወጣም። እኔ በሁለቱም ደስ ብሎኛል።

አይሁዳዊ ስፖርተኛ የሚባለው ማን ነው? ሃይማኖት ነው ወይስ ዘር?

ይሄ ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል፣ አይሁዶች ራሳቸውም አልጨረሱትም።

በሃይማኖቱ ሕግ ከአይሁዳዊት እናት የተወለደ ወይም በሥርዓቱ የተቀበለ ሰው አይሁዳዊ ነው። የእስራኤል የመመለስ ሕግ ግን ሰፋ ይላል፣ አንድ አይሁዳዊ አያት ካለህ ዜግነት ታገኛለህ። በሁለቱ መሃል የተያዘ ሰው ብዙ ነው። ጂምናስቲከኛው አርቴም ዶልጎፕያት በቶኪዮ ኦሊምፒክ ለእስራኤል ወርቅ አመጣ። አገር በደስታ ጮኸ። ወዲያው እናቱ ሬዲዮ ላይ ቀርባ ልጇ አገሩ ላይ ማግባት እንደማይችል ተናገረች። ምክንያቱ አባቱ እንጂ እናቱ አይሁዳዊት አለመሆኗ ነው፣ እስራኤል ውስጥ ደግሞ የአይሁድ ጋብቻ በረቢዎች፣ ማለትም በሃይማኖት መሪዎቹ፣ እጅ ነው ያለው። መዝሙሩን ያዘመረላት አገር ሊድረው አልቻለም።

የኛዎቹ ቤተ እስራኤሎችም ይህን ቀምሰውታል። የሴፋርዲ አይሁዶች ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 አይሁዳዊነታቸውን አጸኑላቸው፣ በ1975 የመመለስ ሕጉ እንዲመለከታቸው ተወሰነ። ከደረሱ በኋላ ግን የረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት እንደገና ውሃ ውስጥ ጠልቃችሁ ንጹ አላቸው። ስለ ሰንበት ሲሉ ስንት መከራ ያዩ ሽማግሌዎች «አይሁዳዊ ለመሆን» ተጠመቁ ሲባሉ ምን እንደሚሰማቸው አስቡት። በ1985 ኢየሩሳሌም ላይ ሰልፍ ወጡ።

ለኔ ማን አይሁዳዊ እንደሆነ ዝርዝር ይዤ ሜዳልያ መቁጠር አይጥመኝም። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ስፖርተኛው በአንድ ቀን ወይ ራሱ እንዲመርጥ ይገደዳል፣ ወይ ሌሎች ይመርጡለታል። ከታች ያሉት ታሪኮች ሁሉ ስለዚያች ቀን ናቸው።

እስራኤላዊና አይሁዳዊ አንድ ነው?

አይደለም። አብዛኞቹ ታላላቅ አይሁዳዊ ስፖርተኞች ለእስራኤል ተጫውተው አያውቁም፣ አሜሪካዊ፣ ሀንጋሪያዊ፣ ፈረንሳዊ ናቸው። በተቃራኒው ለእስራኤል የሚጫወቱ ሙስሊሞች፣ ክርስቲያኖችና ድሩዞች አሉ። የእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድኑን እዩ። በ2018 አምበል የሆነው ቢብራስ ናትኮ ሰርካሲያዊ ሙስሊም ነው። ከሱ በኋላ አምበልነቱን የያዘው ኤሊ ዳሳ ደግሞ ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የሄዱ የቤተ እስራኤል ልጅ ነው፣ የቀኝ መስመር ተከላካይ። ከሱ በፊት ለማካቢ ቴል አቪቭና ለብሔራዊ ቡድኑ የተጫወተውን ባሩክ ደጎንም የሚያስታውስ ያስታውሰዋል።

«አይሁድ የመጽሐፍ ሰው ነው፣ ስፖርት ላይ የለም» ይባላል። እውነት ነው?

ውሸት ነው። ግን ከየት እንደመጣ ማወቁ ጥሩ ነው።

አውሮፓ ውስጥ አይሁዱን ቀጭን፣ ፈሪ፣ ጎባጣ አድርጎ መሳል የቆየ የጥላቻ ልማድ ነበር። ይሄን ስዕል አይሁዶችም ራሳቸው እስከ ማመን ደርሰው ነበር። በ1898 ባዝል ላይ በተደረገው የጽዮናውያን ጉባኤ ማክስ ኖርዳው የተባለው ሐኪም ተነሥቶ ጡንቻ ያለው አይሁዳዊነት ያስፈልገናል አለ። በዚያው ዓመት በርሊን ውስጥ ባር ኮክባ የሚባል የጂምናስቲክ ክለብ ተቋቋመ። ብዙ ክለቦች አይሁድ አንቀበልም ይሉ ስለነበር የራስን ማቋቋም ግድ ነበር።

ቦክስ ላይ ግን ነገሩ ከኖርዳው በጣም ይቀድማል። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ለንደን ውስጥ ዳንኤል ሜንዶዛ የሚባል ቡጢኛ ነበር። ትልቅ ሰው አልነበረም፣ ስለዚህ መሸሽን፣ መከላከልን፣ እግር አጣጣልን ተማረና ግዙፎቹን ደበደበ። ማስታወቂያው ላይ «ሜንዶዛ አይሁዱ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። እሱ አልደበቀውም።

በ1920ዎቹና በ30ዎቹ ኒውዮርክና ቺካጎ ውስጥ ደግሞ የድሃ ስደተኛ ሰፈር ልጅ ገንዘብ የሚያገኝበት አንዱ መንገድ ቦክስ ነበር። ቤኒ ሌናርድ ከ1917 እስከ 1925 የቀላል ክብደት የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ቆየ። እውነተኛ ስሙ ቤንጃሚን ላይነር ነው። ስሙን የቀየረው እናቱ ቦክሰኛ መሆኑን እንዳታውቅ ብሎ ነው። ባርኒ ሮስ ደግሞ አባቱ ቺካጎ ውስጥ በትንሿ ሱቃቸው በዘራፊ ተገደሉበት፣ ቤተሰቡ ተበተነ፣ ወንድሞቹን ለመሰብሰብ ብሎ ቦክስ ገባ። በሦስት ክብደት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጓዳልካናል በምትባል የፓስፊክ ደሴት ላይ ተዋግቶ ተሸለመ።

ቅርጫት ኳስም እንዲሁ። በዛሬው ኤንቢኤ ታሪክ የመጀመሪያው ጎል የተባለውን በ1946 ቶሮንቶ ላይ ያስቆጠረው የኒውዮርክ ኒክሱ ኦሲ ሼክትማን ነው፣ አይሁዳዊ ነው። በጠባብ ሰፈር ሜዳ የለም፣ ቀለበት ግን ይሰቀላል።

ሀኮአህ ቪየና የሚባለው ክለብ ታሪኩ ምንድን ነው?

ለእግር ኳስ ወዳጅ ከዚህ የሚበልጥ ታሪክ የለኝም፣ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው።

ሀኮአህ በዕብራይስጥ «ኃይሉ» ማለት ነው። በ1909 ቪየና ውስጥ ተቋቋመ። ማልያው ሰማያዊና ነጭ፣ ደረቱ ላይ የዳዊት ኮከብ። እግር ኳስ ብቻ አልነበረም፤ ዋናም፣ ትግልም፣ አትሌቲክስም ነበረው። ቡድኑ ወደ ሌላ ሜዳ ሲሄድ ስድብና ድንጋይ ስለሚጠብቀው የክለቡ ትግለኞች አጅበው ይሄዱ ነበር። በ1923 ለንደን ሄዶ ዌስትሃምን 5 ለ 0 አሸነፈ። ዌስትሃም ብዙ ተጠባባቂዎችን እንዳሰለፈ መናገር ተገቢ ነው፣ ቢሆንም የአህጉር አውሮፓ ክለብ እንግሊዝ ገብቶ እንዲህ ሲያደርግ ያልተለመደ ነበር።

ከዚያ 1925 መጣ። ኦስትሪያ ደመወዝ የሚከፈልበት ሊግ የጀመረችበት የመጀመሪያው ውድድር ዓመት ነው። ሻምፒዮናውን በሚወስነው ጨዋታ የሀኮአህ በረኛ አሌክሳንደር ፋቢያን ክንዱ ተሰበረ። ያኔ ቅያሪ የሚባል ነገር የለም። ክንዱ በጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሮለት ተመልሶ ገባ፣ በረኛነቱን ለሌላ ሰጥቶ አጥቂ መስመር ላይ ቆመ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የማሸነፊያዋን ጎል ያገባው እሱ ነው። በአንድ እጁ የቆመ በረኛ ክለቡን የኦስትሪያ ሻምፒዮን አደረገ።

በ1926 አሜሪካ ሲሄዱ ኒውዮርክ ላይ አንዱን ጨዋታ 46 ሺህ ሰው አየው። የአሜሪካን ነጻነት ያዩ ብዙ ተጫዋቾች እዚያው ቀሩ፣ ቡድኑም ተዳከመ። ከነዚህ አንዱ ቤላ ጉትማን ነው። ኋላ ወደ አውሮፓ ተመልሶ ከናዚ የጉልበት ካምፕ አምልጦ ተረፈና በ1961 እና በ1962 ቤንፊካን የአውሮፓ ዋንጫ ያበላው አሰልጣኝ ሆነ። ዩሴቢዮን ያሳደገው እሱ ነው።

በ1938 ናዚ ኦስትሪያን ሲይዝ ክለቡ ተዘጋ፣ ሜዳው ተወረሰ፣ ውጤቱ ተሰረዘ። መሰደድ ያልቻሉት ብዙዎቹ ተገደሉ። ከጦርነቱ በኋላ ክለቡ እንደገና ተቋቁሟል፣ በ2008 ቪየና ውስጥ አዲስ ማዕከሉን ከፍቷል።

ቤዝቦል ላይ «በበዓል አልጫወትም» ያለው ማን ነው? ለምንስ ይሄን ያህል ይወራለታል?

ሁለት ሰዎች ናቸው፣ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ሃንክ ግሪንበርግ የዲትሮይት ታይገርስ ኮከብ ነበር። 1934፣ ቡድኑ ለሻምፒዮና ተፋጥጧል፣ የአይሁድ አዲስ ዓመት ደረሰ። ይጫወት አይጫወት በሚል ከተማው ሁሉ ተከራከረ፣ ረቢዎች በጋዜጣ ተጠየቁ። ተጫወተ። ሁለት ጊዜ ኳሷን ከሜዳ ውጭ መትቶ ቡድኑ 2 ለ 1 አሸነፈ። ከዚያ ከዘጠኝ ቀን በኋላ የማስተሰረያ ቀን መጣ፣ ዮም ኪፑር። የዓመቱ ትልቁ ጾም ነው፣ ቤተ እስራኤሎች አስተሰርዮ የሚሉት። ያን ቀን ግን አልተጫወተም። ምኩራብ ሲገባ ጸሎት ላይ የነበረው ሰው ጸሎቱን አቋርጦ አጨበጨበለት። ቡድኑ በዕለቱ ተሸነፈ። ልብ በሉ፣ ዲትሮይት ያኔ የአይሁድ ጥላቻ የበረታባት ከተማ ነበረች።

ሁለተኛው ሳንዲ ኩፋክስ ነው። ኦክቶበር 6 ቀን 1965። የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ከሚኒሶታ ጋር የዓመቱን ፍጻሜ ይጀምራል። ኩፋክስ የዘመኑ ምርጥ ኳስ ወርዋሪ ነው፣ የመጀመሪያው ጨዋታ የሱ ነው። ቀኑ ግን ዮም ኪፑር ዋለ። አልጫወትም አለ። ንግግር አላደረገም፣ ጋዜጠኛ አልሰበሰበም፣ በየዓመቱም እንዲሁ ያደርግ ነበር። በሱ ፋንታ ዶን ድራይስዴል ወረወረና 8 ለ 2 ተሸነፉ። ድራይስዴል ከሜዳ ሲወጣ አሰልጣኙን «ዛሬ እኔም አይሁድ ብሆን ኖሮ ሳትል አልቀረህም» አለው ይባላል። ኩፋክስ ሁለተኛውን ጨዋታ ተጫውቶ ተሸነፈ። አምስተኛውን አሸነፈ። ሰባተኛውን፣ የመጨረሻውን፣ ሁለት ቀን ብቻ አርፎ ክርኑ እያመመው ወረወረ፣ 2 ለ 0 ዋንጫው የነሱ ሆነ።

የሚያስገርመው ኩፋክስ ሃይማኖት አጥባቂ የሚባል ሰው አልነበረም። ብዙ አሜሪካዊ አይሁድም እንደሱ ነበር፣ ቅዳሜ ይሠራል፣ የሚበላውን ብዙ አይመርጥም። ግን አንድ ቀን አለች የማትነካ። ከኛ አገር ዓመቱን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የማይደርስ፣ የስቅለት ዕለት ግን ጠብታ ውሃ የማይቀምስ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም፣ ስለዚህ ኩፋክስን ለመረዳት ለኛ ሩቅ አይደለም። ያን ቀን አሜሪካ ውስጥ አለቃውን ፈቃድ ለመጠየቅ የሚያፍር የነበረ ስንቱ የቢሮ ሠራተኛ ቀና ብሎ ሄደ።

ዛሬስ ሰንበት የሚያከብር ሰው ፕሮፌሽናል መሆን ይችላል?

ይከብዳል። ውድድር የሚበዛው ዓርብ ማታና ቅዳሜ ነው፣ ሰንበት ደግሞ ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል።

አምስት ልጆች ያሏት ማራቶን ሯጯ ቢቲ ዶይች በ2018 የኢየሩሳሌም ማራቶን ከእስራኤላውያን ሴቶች አንደኛ ወጣች። ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ሸፍና ነው የምትሮጠው። ቶኪዮን ስትመኝ የሴቶች ማራቶን ከእሑድ ወደ ቅዳሜ ተዛወረ። እንዲቀየር ጠየቀች፣ አልተቀየረም። ሌላው ራያን ቱሬል ነው፣ ከየሺቫ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በ2022 የኤንቢኤ ታዳጊ ሊግ ውስጥ ኪፓውን፣ ትንሿን የአይሁድ ቆብ፣ ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ የተጫወተ። እነዚህ ልጆች ዋንጫ ባይበሉም አከብራቸዋለሁ።

በርሊን 1936 ላይ ምን ሆነ? ስለ ጄሲ ኦውንስ ብቻ ነው የምንሰማው።

ኦውንስ ራሱ ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። የአሜሪካ የ4 በ100 ዱላ ቅብብል ቡድን ውስጥ ማርቲ ግሊክማንና ሳም ስቶለር ነበሩ፣ ሁለቱም አይሁድ። ግሊክማን የ18 ዓመት ልጅ ነው። ማጣሪያው በሚሮጥበት ጠዋት ተጠሩና ወጥታችኋል፣ ኦውንስና ሜትካፍ ገብተዋል ተባሉ። ኦውንስ እኔ በቂ ወርቅ አለኝ፣ እነሱ ይሩጡ ብሎ ነበር፣ ዝም በል ተባለ። ቡድኑ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ሁለቱ አይሁዶች በዚያ ኦሊምፒክ አንድም እርምጃ ሳይሮጡ ተመለሱ።

ልቤን የሚነካው ግን የግሬትል በርግማን ነው። ደቡብ ጀርመን ላውፕሃይም የምትባል ትንሽ ከተማ ልጅ፣ ከፍታ ዘላይ። ናዚ ሥልጣን ሲይዝ ከክለቧ ተባረረች፣ እንግሊዝ ሄደች፣ በ1934 የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነች። አሜሪካ ኦሊምፒኩን ላለመካፈል እያንገራገረች ስለነበር ጀርመን «እኛ እኮ አይሁድ አናገልም» ለማለት ግሬትልን ፈለገቻት። ካልተመለስሽ ቤተሰብሽ ይጎዳል የሚል ማስፈራሪያ ደረሳት፣ ተመለሰች። ጁን 30 ቀን 1936 ሽቱትጋርት ላይ 1.60 ሜትር ዘለለች፣ የጀርመን ክብረ ወሰን ነው። የአሜሪካ ቡድን መርከብ ተሳፍሮ ከሄደ በኋላ፣ አሁን መመለስ እንደማይችል ሲታወቅ፣ ደብዳቤ ደረሳት። ብቃትሽ በቂ አይደለም ይላል። መጨረሻው ላይ ደግሞ የቁም ቦታ ትኬት ልንሰጥሽ እንችላለን ይላል። ቆመሽ እዪ ማለት ነው።

በርሊን ላይ ወርቁ በስንት ተወሰደ? በ1.60። ያሸነፈችው የሀንጋሪዋ ኢቦልያ ቻክ ነች፣ እሷም አይሁዳዊት።

ግሬትል በ1937 አሜሪካ ገባች፣ በዚያው ዓመትና በቀጣዩ የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነች። ጀርመን የነጠቀቻትን ክብረ ወሰን በ2009 መለሰችላት። በ2017 በ103 ዓመቷ ኒውዮርክ አረፈች።

የኦስትሪያዋ ዋናተኛ ዩዲት ዶይች ግን ራሷ ነች እምቢ ያለችው፣ ከሁለት የሀኮአህ ጓደኞቿ ጋር። በርሊን አንሄድም አሉ። ከውድድር ታገዱ፣ ድሎቿም ተፋቁ።

ናዚ በአይሁድ ላይ ካደረሰው እልቂት ተርፎ ወደ ስፖርት የተመለሰ አለ?

አለ። አግነሽ ኬለቲ ቡዳፔስት ውስጥ ከጂምናስቲክ ክለቧ አይሁድ ነሽ ተብላ ተባረረች። በሐሰት መታወቂያ የቤት ሠራተኛ ሆና ተደበቀች። አባቷ አውሽቪትዝ በሚባለው የናዚ የሞት ካምፕ ተገደለ። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሳ አሥር የኦሊምፒክ ሜዳልያ ሰበሰበች፣ አምስቱ ወርቅ። አራቱን ወርቅ ያገኘችው በ1956 ሜልቦርን ላይ በ35 ዓመቷ ነው፣ ጂምናስቲክ ውስጥ 35 ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ እስራኤል ገብታ ትውልድ አሠለጠነች። በጃንዋሪ 2025 በ103 ዓመቷ ሞተች።

አልፍሬድ ናካሽ የአልጄሪያ፣ የቆስጠንጢን ልጅ ነው፣ ለፈረንሳይ ይዋኝ ነበር። ሚስቱንና ትንሽ ልጁን አውሽቪትዝ ላይ ተነጠቀ። በ1948 ለንደን ኦሊምፒክ ላይ እንደገና ውሃ ገባ።

ያልተመለሱም አሉ። ቱኒዚያዊው ቪክቶር ያንግ ፔሬዝ በ1931 በቦክስ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። አውሽቪትዝ ካምፕ ውስጥ ለጠባቂዎቹ መዝናኛ ቦክስ እንዲጋጠም ተደረገ። በጃንዋሪ 1945 እስረኞቹን በበረዶ ሲነዷቸው መንገድ ላይ ተገደለ።

ሙኒክ 1972ን በአጭሩ ንገረን።

ሴፕቴምበር 5 ንጋት ላይ ጥቁር መስከረም የሚባለው የፍልስጤማውያን ቡድን ታጣቂዎች ኦሊምፒክ መንደር ገብተው የእስራኤልን ቡድን አባላት አገቱ። ሁለቱን እዚያው ገደሉ፣ ዘጠኙ ፉርስተንፌልድብሩክ አየር ማረፊያ ላይ የማስለቀቅ ሙከራው ሲከሽፍ ሞቱ። አሥራ አንድ ሰው። አንድ የጀርመን ፖሊስም ተገደለ። ቀድሞ ሰባት ወርቅ የሰበሰበው አይሁዳዊው አሜሪካዊ ዋናተኛ ማርክ ስፒትዝ በጥድፊያ ከከተማው እንዲወጣ ተደረገ። በሕፃንነቱ በርገን ቤልሰን ካምፕ የነበረው የእርምጃ ተወዳዳሪ ሻውል ላዳኒ ደግሞ ከዚያም ከዚህም ተረፈ።

ውድድሩ ከአንድ ቀን በላይ ትንሽ ተቋርጦ ቀጠለ። እንዲቀጥል ያዘዙት ኤቨሪ ብራንዴጅ በ1936 የአሜሪካ ኦሊምፒክ ኮሚቴን ይዘው አሜሪካ በርሊን እንድትሄድ የተከራከሩት ሰውዬ ናቸው፣ ይሄን ሳስብ ሁሌ ይከብደኛል። የኛው ማሞ ወልዴ በማራቶን ነሐስ ያገኘውም በዚያ ሐዘን ማግስት፣ ሴፕቴምበር 10 ነው።

የሟቾቹ ቤተሰቦች በመክፈቻ ሥነ ሥርዓት ላይ የአንድ ደቂቃ ኅሊና ጸሎት እንዲደረግ ለአሥርት ዓመታት ለመኑ። የሆነው ቶኪዮ ላይ በ2021 ነው። 49 ዓመት።

ማካቢያ የአይሁድ ኦሊምፒክ ነው?

እንደዚያ ይጠሩታል። በ1932 ቴል አቪቭ ላይ ተጀመረ፣ አሁን በየአራት ዓመቱ እስራኤል ውስጥ ይካሄዳል። ከዓለም ዙሪያ አይሁዶች፣ ከእስራኤል ደግሞ ሃይማኖት ሳይለይ ማንኛውም ዜጋ ይሳተፋል። በ1935 ለሁለተኛው ውድድር የመጡ ብዙ ሰዎች ወደ አውሮፓ አልተመለሱም፣ እዚያው ቀሩ። ያ ውሳኔ ሕይወታቸውን አተረፈ።

የቶተንሃም ደጋፊዎች ለምን ራሳቸውን በአይሁድ ስም ይጠራሉ?

ሰሜን ለንደን ውስጥ ብዙ አይሁድ ደጋፊ ስለነበራቸው ተቃራኒ ደጋፊዎች «ዪድ» (አይሁድ) እያሉ ይሰድቧቸው ነበር፣ የናዚን የመርዝ ጋዝ ድምፅ እያስመሰሉ ጭምር። የቶተንሃም ደጋፊዎች ስድቡን ራሳቸው አንስተው መዝሙር አደረጉት። በ2022 ክለቡ ቃሉን ብንተወው ይሻላል ብሎ ደጋፊውን ጠይቋል። እኔም የምደግፈው ክለቡን ነው፣ ለአንዳንድ ሰው ያቺ ቃል አያቱ የሰማት የመጨረሻ ቃል ልትሆን ትችላለች። የአያክስ አምስተርዳም ታሪክም ተመሳሳይ ነው።

ኢትዮጵያውያን አይሁዶች እስራኤል ውስጥ ስፖርት ላይ ተከብረዋል?

ተከብረዋል፣ ተገፍተዋልም። ሜዳ ላይ በቀለማቸው የተሰደቡ አሉ። በ2015 እና በ2019 የፖሊስን በደል ተቃውመው በሺዎች አደባባይ ወጥተዋል። እዚህ «እስራኤላዊ»፣ እዚያ «ኢትዮጵያዊ» መባል ከባድ ነው፣ እዚያ ያሉ ወዳጆቼ ሁሌ የሚነግሩኝ ይሄንኑ ነው። በሌላ በኩል ከዮም ኪፑር በኋላ ሃምሳኛው ቀን ላይ የሚከብረው ስግድ ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ የአገሪቱ በዓል ሆኗል።

ማንነታቸውን በአንድ ቀን ላሳያችሁ ካላችሁኝ ኦገስት 15 ቀን 2022ን እመርጣለሁ። የአውሮፓ ሻምፒዮና ማራቶን ነው፣ ከተማው ሙኒክ። አሥራ አንዱ ከተገደሉ 50 ዓመት ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ የእስራኤል ቡድንም ለሟቾቹ መታሰቢያ አድርጓል። መጨረሻው ላይ ማሩ ተፈሪ ሊያሸንፍ ጥቂት ሜትር ሲቀረው ጀርመናዊው ሪቻርድ ሪንገር አፈትልኮ በሁለት ሰከንድ ቀደመው፣ 2:10:21 በ2:10:23። ጋሻው አያሌ ከኋላ መጥቶ በ2:10:29 ሦስተኛ ገባ። ይመር ጌታሁን ተጨመረና በቡድን ወርቁ የእስራኤል ሆነ። ሙኒክ ላይ ባንዲራዋን ከፍ ያደረጉት ማሩ፣ ጋሻውና ይመር የሚባሉ ሰዎች ናቸው።